ዲፌንስ ላይ ፕሮጀክተሩ እምቢ ቢልስ? ምን ይዤ ልግባ?

ደብተራዋ · ሰኞ፣ ማታ 3፡10

ሰላም ለዚህ ቤት። በሚቀጥለው ሳምንት ሐሙስ የማስተርስ ዲፌንስ አለኝ፤ ጥናቴን ፈታኞች ፊት አቀርባለሁ። ትምህርቴ ፎክሎር ነው፤ ስላይዶቹ በሙሉ በአማርኛ ናቸው። መሃል ላይ ከመስክ የቀረጽኩት አጭር የሙሾ ቪዲዮ አለ። እሱ ካልታየ ምዕራፍ አራት ላይ የምከራከረው ነገር እግር የለውም።

የፈራሁት ማሽኑን ነው። ከእኔ በፊት ያቀረበ የክፍላችን ልጅ ላፕቶፑን ሲሰካ ፕሮጀክተሩ ሰማያዊ ስክሪን ብቻ አሳየ። "ኖ ሲግናል" ይላል። አንዱ ገመድ ይነቅላል፣ ሌላው ሪሞት ፍለጋ ይሮጣል። ከተሰጠው ሃያ ደቂቃ ግማሹ በዚያ አለቀ። ፈታኞቹ ደግሞ ሰዓታቸውን ያያሉ።

ላፕቶፑ የወንድሜ ነው፤ ኤችፒ ነው፣ ኤችዲኤምአይ አለው። ባትሪው ሞቷል፤ ከሶኬት ከተነቀለ ወዲያው ይጠፋል። ስላይዱን የጻፈችልኝ ሰፈር ያለች ጸሐፊ ናት። ምን ዓይነት ኬብል ልግዛ?

ኬብል ሻጩ · ማታ 3፡32

እህቴ፣ ሻጭ ሆኜ ይህን ማለቴ ያስቃል እንጂ ገና ምንም አትግዢ። መጀመሪያ አዳራሹ ሂጂ። ከፕሮጀክተሩ የሚመጣውን ገመድ ጫፉን በስልክሽ ፎቶ አንሺው። ግራና ቀኝ ብሎን ካለው፣ ውስጡም በሦስት ረድፍ 15 መርፌ ካለው ቪጂኤ ነው። ጠፍጣፋና ብሎን የሌለው ከሆነ ኤችዲኤምአይ ነው። በየአዳራሹ ቪጂኤ ገና አልሞተም። ገመዱ አንዴ ግድግዳ ውስጥ ከተቀበረ ማን ቆፍሮ ይቀይረዋል?

ቪጂኤ ከሆነ አዳፕተር ያስፈልግሻል። ሱቅ ስትገቢ አቅጣጫውን ንገሪያቸው፤ ከላፕቶፕ ኤችዲኤምአይ ወደ ፕሮጀክተር ቪጂኤ በያቸው። በተቃራኒው የሚሠራም አለ፤ ሲያዩት ብዙም አይለያዩም። ገዝቶ የሚመለሰው ሰው ሁሉ ያንን ወስዶ ነው። እዚያው ሞኒተር ላይ ሰክተው ያሳዩሽ።

አንድ ነገር ልጨምር። ቪጂኤ ድምፅ አያስተላልፍም። ሙሾ ያለ ድምፅ ምን ሊሆን ነው? የጆሮ ማዳመጫ ቀዳዳ ያለው አዳፕተር አለ። ያንን ካጣሽ ከላፕቶፑ በገመድ የሚሰካ ስፒከር ያዢ። ብሉቱዝ ይቅርብሽ፤ የሚገናኘው የልብሽ ሲፈቅድ ሳይሆን የራሱ ሲፈቅድ ነው።

ላብ አሲስታንት · ማታ 4፡05

እኔ ኮሌጅ ኮምፒውተር ላብ ነው የምሠራው። የዲፌንስ ሰሞን ስልኬ አያርፍም። "ቶሎ ድረስ፣ ፕሮጀክተሩ ተበላሽቷል!" ይሉኛል። ስደርስ ብዙ ጊዜ የተበላሸ ነገር የለም። ፕሮጀክተሩ ከአንዱ ቀዳዳ ምስል ይጠብቃል፣ ላፕቶፑ በሌላው ይልካል። ሪሞቱ ላይ ወይም ፕሮጀክተሩ ራሱ ላይ "ሶርስ" ወይም "ኢንፑት" የሚል ቁልፍ አለ። አንዴ ተጭኖ መጠበቅ ነው። ሰው ግን አይጠብቅም፤ ደጋግሞ ይጫንና ትክክለኛውን አልፎት ይሄዳል። ከዚያ "ተበላሽቷል"።

ቀጥሎ ላፕቶፑ ላይ የዊንዶውስ ምልክት ያለበትን ቁልፍ ይዘሽ "ፒ"ን ተጫኚ። አራት ምርጫ ይመጣል። "ዱፕሊኬት" የሚለውን ያዢ። አንቺ የምታዪውን እነሱም ያያሉ። "ኤክስቴንድ" ላይ ካለ አንቺ ስላይድሽን ከፍተሽ ስታወሪ ፈታኞቹ የወንድምሽን ዎልፔፐር ሲያዩ ይቆያሉ። ገመድ የሚነካው እነዚህ ሁለቱ ካልሠሩ ነው።

ላፕቶፑን በተመለከተ ግን፣ ባትሪ የሌለው ላፕቶፕ ይዘሽ ባትገቢ እመርጣለሁ። መብራት ለሰከንድ ብልጭ ብትል ዊንዶውስ እስኪነሳ ድረስ ቆመሽ ነው። አዳራሹ የራሱ ኮምፒውተር ካለው በእሱ አቅርቢ። ከፕሮጀክተሩ ጋር ለምዷል።

የዲሲው · ማክሰኞ፣ ጠዋት 12፡50

እዚህ ላይ አልስማማም። የአዳራሽ ኮምፒውተር የማንም ነው። ማን ምን እንደጫነበት አይታወቅም።

እዚህ ሲልቨር ስፕሪንግ ለማኅበራችን አባላት ስለ ታክስ አሞላል ገለጻ ነበር። አቅራቢዋ ስላይዱን ዊንዶውስ ላይ ኒያላ በሚባል የአማርኛ ፎንት (የፊደል ቅርጽ) ሠርታ በፍላሽ አመጣች። አዳራሹ ያለው ማክ ነው፤ ፓወርፖይንት እንኳ የለውም፣ በማኩ የስላይድ ፕሮግራም በኪኖት ተከፈተ። ኒያላን ሲያጣ የራሱን የግዕዝ ፎንት ተካበት። ጽሑፉ ይነበባል። ግን የፊደሎቹ ስፋት ስለማይመሳሰል መስመሩ ሁሉ ተሰባበረ፤ የታክስ ሠንጠረዡ የታችኛው ግማሽ ከስክሪኑ ወጣ። ሰው የመጣው ለዚያ ሠንጠረዥ ነበር!

ስለዚህ ባትሪው ደህና የሆነ ላፕቶፕ ከጓደኛ ተዋሺ፤ ግን የምታውቂውን ይዘሽ ግቢ።

በነገራችን ላይ፣ ከዚህ ላፕቶፕ ይዛችሁ አገር ቤት ለምታቀርቡ፦ ቻርጀሩ ላይ ከ100 እስከ 240 ቮልት የሚል ከተጻፈ የአገር ቤቱን 220 ይችላል። የሚቸግረው ፕላጉ ነው። የአሜሪካው ጠፍጣፋ ጥርስ ክብ ቀዳዳ ውስጥ አይገባም። መቀየሪያውን ቦርሳ ውስጥ ሳይሆን ከቻርጀሩ ጋር አስራችሁ ያዙት።

ፊደል ቆጣሪ · ማክሰኞ፣ ጠዋት 2፡15

ስለ ኮምፒውተር ትከራከራላችሁ። ደብተራዋ "ጸሐፊ ጻፈችልኝ" ያለችውን ግን ማንም አላነሳው። እኔን ያስደነገጠኝ እሱ ነው።

እህት፣ ከስላይድሽ አንድ ዓረፍተ ነገር ኮፒ አድርገሽ ቴሌግራም ላይ ለራስሽ ላኪ። ምን መጣ?

ደብተራዋ · ማክሰኞ፣ ጠዋት 2፡40

ኧረ ጉዴ ፈላ! የፈረንጅ ፊደል፣ ቅንፍ፣ የዶላር ምልክት ተቀላቅሎ ነው የመጣው። አንድም የአማርኛ ፊደል የለም። ላፕቶፑ ላይ ግን ጥርት ያለ አማርኛ ነው! ጸሐፊዋ ስታስረክበኝ "ፎንቱንም ጭኜልሻለሁ" ብላኝ ነበር፤ ያኔ ምን ማለቷ እንደሆነ አልገባኝም።

ፊደል ቆጣሪ · ማክሰኞ፣ ረፋድ 4፡20

እንደገመትኩት ነው። በፓወር ግዕዝ ወይም በመሰል የድሮ ሶፍትዌር ነው የተጻፈው።

ዩኒኮድ ማለት ለየቋንቋው ፊደል የራሱን ቁጥር የሚሰጥ የኮምፒውተሮች የጋራ መዝገብ ነው፤ የእኛ ፊደል እዚያ ውስጥ የገባው በፈረንጆች 1999 ነው። ከዚያ በፊት "ሀ" ኮምፒውተር ውስጥ የራሱ ቁጥር አልነበረውም። ፎንት ሠሪዎቹ ታዲያ የ"ሀ"ን ሥዕል በአንድ የላቲን ፊደል ቦታ አስቀመጡት። ኮምፒውተሩ እስከ ዛሬ የሚያውቀው ላቲን እንደጻፍሽ ነው። ፎንቱ ካለ "ሀ" ይሥላል፤ ከሌለ ጉዱን ያወጣዋል። ብዙ ጽሕፈት ቤት አሁንም በእሱ ነው የሚሠራው። እጃቸው ለምዶታል፤ ፍጥነታቸውን ያየ አይፈርድባቸውም። ወረቀት ላይ ለሚታተም ነገር ችግር የለውም። ስላይድ ግን ከማሽን ወደ ማሽን ይዞራል። አዳራሹ ኮምፒውተር ላይ ብትከፍቺው ፈታኞችሽ አንድ ቃል አያነቡም።

አሁን ሁሉንም በዩኒኮድ እንደገና ጻፊ አልልሽም፣ ጊዜ የለሽም። የሚቀይሩ ፕሮግራሞች አሉ፤ ግን እንደ "ቋ" እና "ኗ" ያሉት ላይ ሊሳሳቱ ስለሚችሉ መስመር በመስመር ማረም ይኖርብሻል። የአንቺ መውጫ ፒዲኤፍ ነው። ፎንቱ ባለበት በወንድምሽ ላፕቶፕ ላይ ክፈቺው፣ "ሴቭ አዝ" በይ፣ ፒዲኤፍ ምረጪ። ፊደሎቹ ከነሥዕላቸው ፋይሉ ውስጥ ይገባሉ። ከዚያ ፒዲኤፉን ወደ ስልክሽ ላኪና እዚያ ላይ እያንዳንዱን ገጽ እዪ። ስልክሽ ፓወር ግዕዝ የለውም፤ እዚያ ላይ በትክክል ከታየ የትም ይታያል።

ፓወርፖይንቱንም መያዝ ከፈለግሽ፣ ፋይል፣ ኦፕሽንስ፣ ሴቭ ውስጥ ግቢና "ኤምቤድ ፎንትስ ኢን ዘ ፋይል" የሚለው ላይ ምልክት አድርጊ፤ ፎንቱን ፋይሉ ውስጥ ይከተዋል። ሁሉም ፎንት ግን አይፈቅድም። ዝም ብለሽ አትመኚው፤ ሌላ ኮምፒውተር ላይ ከፍተሽ አረጋግጪ።

ለወደፊቱ አቢሲኒካ ወይም ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ በነፃ አውርዱና በእነሱ ጻፉ። ኒያላ ከዊንዶውስ ቪስታ ጀምሮ አብሮ ይመጣ ነበር። ዊንዶውስ 10 ላይ ግን ካልጨመራችሁት የማይመጣ ሆኗል፤ "ሁሉም ጋ አለ" ብላችሁ አትመኑበት። ቀጭንም ነው። ደካማ ፕሮጀክተር ላይ ከኋላ ወንበር አይነበብም።

የዲሲው · ማክሰኞ፣ ቀን 9፡00

ፒዲኤፍ ጥሩ ነው፤ ግን ቪዲዮ አብሮ አይሄድም። አኒሜሽኑም ይቀራል።

ላብ አሲስታንት · ማክሰኞ፣ ቀን 10፡10

አኒሜሽን ለዲፌንስ ምን ያደርጋል! ቪዲዮውን ለብቻው ቪኤልሲ በሚባለው የቪዲዮ ማጫወቻ ትከፍተዋለች። እንዲያውም ይሻላል። ስላይድ ውስጥ የገባ ቪዲዮ እዚያው ማሽን ላይ እምቢ ካለ ማስተካከያ ጊዜ የለም። ቪኤልሲ ግን ያልከፈተው ፋይል እኔ ብዙ አላየሁም፤ መጫኛውንም በፍላሽ ይዛ መግባት ትችላለች።

ደብተራዋ፣ እንዲህ አድርጊ። ከመጀመርሽ በፊት ፒዲኤፉንም ቪዲዮውንም ክፈቻቸው። ቪዲዮውን ጀምረሽ ሙሾው ሊገባ ሲል አቁሚውና ተዪው። ፒዲኤፉን አክሮባት ላይ ኮንትሮልና "ኤል" ብለሽ ሙሉ ስክሪን አድርጊ። ቦታው ሲደርስ በኦልትና በታብ ትቀይሪያለሽ፤ ሲያልቅ በዚያው ትመለሻለሽ። ይህን ቤት ውስጥ ደጋግመሽ ተለማመጂው። ሰው ፊት ዴስክቶፕ ላይ ፋይል መፈለግ የለም።

ድምፁን ደግሞ ቀድመሽ ስሚው። በኤችዲኤምአይ ስትሰኪ ላፕቶፑ ድምፁን ወደ ፕሮጀክተሩ ይልከዋል፤ ፕሮጀክተሩ ደግሞ ወይ ስፒከር የለውም ወይ ለጉንዳን የሚበቃ ነው። ታች በቀኝ ያለውን የድምፅ ምልክት ተጭነሽ መውጫውን ትመልሻለሽ።

ቴሌግራምና ኢሜይል ዝጊ። አንዱ ተማሪ ስለ ዘዴ ምዕራፉ ሲያብራራ "የተበደርከው ብር እንዴት ሆነ" የሚል መልእክት በግድግዳው ሙሉ ወጣበት። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ።

መምህር ነኝ · ማክሰኞ፣ ማታ 2፡30

ልጆቼ፣ የምትሉትን ሁሉ አነበብኩ፤ ጥሩ ነው። እኔ ከጠረጴዛው ወዲያ ማዶ ለረጅም ጊዜ የተቀመጥኩ ሰው ነኝ፤ ከዚያ በኩል የሚታየውን ልንገራችሁ።

ፈታኝ ጥናቱን አንብቦ ነው የሚመጣው። ስላይዱን አይቶ አይደለም የሚወስነው። መብራት ቢጠፋ ወይም ፕሮጀክተር ቢያስቸግር ተማሪውን የሚጠላ ፈታኝ አላየሁም። ትዕግሥት የሚያልቀው ተማሪው ጀርባውን ሰጥቶን ገመድ ሲጎረጉር ነው። ሰዓቱ ይሄዳል፤ ሰብሳቢው ደግሞ ቀጣዩን ተማሪ ያስባል። ያ የጠፋው ጊዜ የሚቀነሰው ከገለጻው ነው።

ስለዚህ አንቺ ልጅ፣ ገደብ አብጂ። ማሽኑን ለሁለት ደቂቃ ሞክሪ። ካልሆነ "ይቅርታ፣ ቴክኒሽያኑ እስኪያየው እኔ ልቀጥል" በይና ፊትሽን ወደ እኛ አዙሪ። ለዚህ ደግሞ ወረቀት ያስፈልጋል። ስላይዱን አንድ ገጽ ላይ ስድስት ስድስት አድርገሽ አሳትሚ፤ ለእያንዳንዱ ፈታኝ አንድ፣ ለአማካሪሽ አንድ፣ ለራስሽ አንድ። የስላይድ ቁጥር ይኑረው። "ስላይድ 9 ላይ ያለው ሠንጠረዥ" ስትዪ ሁላችንም እናገኘዋለን። የሙሾውን ግጥም ደግሞ ለብቻው በአንድ ገጽ ጻፊው። ቪዲዮው ባይከፈት ታነቢልናለሽ። ሙሾ በጽሑፍም ሙሾ ነው።

ደብተራዋ · ማክሰኞ፣ ማታ 3፡00

መምህር፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የግጥሙ ነገር ጨርሶ አልታሰበኝም ነበር። ግን ከሁለት ደቂቃ በኋላ ስተወው ፈታኞቹ "አልተዘጋጀችም" አይሉኝም?

መምህር ነኝ · ማክሰኞ፣ ማታ 3፡12

ወረቀቱን ያደልሽ እንደሆነ ማን ይልሻል?

ኬብል ሻጩ · ረቡዕ፣ ጠዋት 3፡45

መብራት ከተነሳ፣ ስለ ዩፒኤስ ልናገር፤ መብራት ሲጠፋ ለጥቂት ጊዜ የሚይዘው ባለባትሪ ሳጥን ማለቴ ነው። ሰው አንዱን ትንሽ 650 ቪኤ ዩፒኤስ ይገዛና ፕሮጀክተሩንም ኮምፒውተሩንም ስፒከሩንም ይሰካበታል። ባለአምፖል ፕሮጀክተር ብቻውን ከ200 እስከ 350 ዋት ይበላል። ያ ዩፒኤስ ለጥቂት ደቂቃ ብቻ ነው የሚችለው፣ እሱም ባትሪው አዲስ ከሆነ። ኮምፒውተሩን ብቻ ስኪበት። ፕሮጀክተሩ ይጥፋ፤ አንቺ በወረቀቱ ትቀጥያለሽ።

ጄኔሬተር ሲነሳም ፕሮጀክተሩ ወዲያው ላይበራ ይችላል። አምፖሉ ግሎ ስለጠፋ እስኪቀዘቅዝ ይጠብቃል። ብዙ ሰው በዚህ ጊዜ ማብሪያውን ደጋግሞ ይመታዋል። ተዉት፤ በራሱ ጊዜ ይነሳል።

ኤክስቴንሽን አትርሺ። ሶኬቱ ሁልጊዜ ከመድረኩ ማዶ ግድግዳ ላይ ነው፤ ማን እንደዚያ እንደሚሠራው ፈጣሪ ይወቅ።

ላብ አሲስታንት · ረቡዕ፣ ጠዋት 4፡10

ለማሳተም ስትሄጂ ዋና ፍላሽሽን ለፕሪንት ቤቱ እንዳትሰጪ። ከዚያ የሚመጣውን ቫይረስ ታውቂዋለሽ፤ ፋይሎችሽ ጠፍተው ሾርትከት ብቻ ይታያል። ከደረሰብሽ ሾርትከቱን አትንኪው፣ ፍላሹንም ፎርማት አታድርጊ። ፋይሎቹ ተደብቀው ነው እንጂ አልጠፉም። ፎልደር ኦፕሽንስ ውስጥ የተደበቁትን አሳይ የሚለውን አብሪ፤ የሲስተም ፋይሎችን ደብቅ የሚለውን ደግሞ አጥፊ፤ ይመጣሉ። ለፕሪንት ቤት በቴሌግራም ላኪላቸው።

ለዲፌንሱ ቀን ግን ቴሌግራም ላይ ብቻ አትተማመኚ። አዲስ ኮምፒውተር ላይ ለመግባት ኮድ ይጠይቃል፣ ኔትወርክም ሊጠፋ ይችላል። ፋይሉን ስልክሽ ላይ አውርደሽ አስቀምጪ፤ የስልክሽንም የዩኤስቢ ገመድ ያዢ። ፍላሹ እምቢ ካለ ስልክሽን እንደ ፍላሽ ትሰኪዋለሽ።

ደብተራዋ · ዓርብ፣ ማታ 1፡20

ዛሬ አዳራሹን አስከፍቼ ሞከርኩት። ሪፖርት ላቅርብ።

ገመዱ ቪጂኤ ነው። አዳፕተር ከመገናኛ ገዛሁ፤ ሱቁ ውስጥ ሞኒተር ላይ አስሰክቼ አይቼ ነው የወሰድኩት። አዳራሹ ኮምፒውተርም አለው፣ ከነዩፒኤሱ። ኦፊሱ ግን አክቲቬት አልተደረገም፤ ከላይ ቀይ መስመር አለበት። ፓወርፖይንቱን ስከፍተው ፊደል ቆጣሪ እንዳለው ሙሉ በሙሉ የዶላር ምልክት ሆነ፤ ኤምቤድ ማድረጉን ፎንቱ አልፈቀደም። ፒዲኤፉ ግን ጥርት ብሎ ወጣ! ቪኤልሲ ከፍላሽ ጫንኩበት፤ ሙሾው ከኋላ ወንበር ድረስ ይሰማል። ስለዚህ በአዳራሹ ኮምፒውተር አቀርባለሁ፣ የወንድሜ ላፕቶፕ መጠባበቂያ ይሆናል። የዲሲው እንዳትቀየመኝ።

ስላይዱ ከላይና ከታች ጥቁር ባዶ ቦታ ይዞ ነው የሚታየው። ይስተካከላል?

የዲሲው · ዓርብ፣ ማታ 1፡45

ምን እቀየማለሁ፣ ሄደሽ ሞክረሽ ነው የወሰንሽው። ጥቁሩን ተዪው። ፕሮጀክተሩ የድሮው 4 በ3 ነው፣ ስላይድሽ 16 በ9። አሁን መጠኑን እለውጣለሁ ብትዪ ፎቶውም ሠንጠረዡም ይዛነፋል፤ እንደገና ፒዲኤፍ ማውጣት ሊኖርብሽ ነው።

ደብተራዋ · ዓርብ፣ ማታ 1፡58

ተውኩት። አንድ ነገር ብቻ ቀረ። ፕሮጀክተሩ ጣሪያ ላይ ነው፣ ሪሞቱ ያለው ንብረት ክፍል ያለችው ሠራተኛ መሳቢያ ውስጥ ነው። ሐሙስ ጠዋት ደግሞ ስብሰባ አለባት። ዛሬም ለምኜ ነው ያወጣችልኝ።

ላብ አሲስታንት · ዓርብ፣ ማታ 2፡05

ረቡዕ ከሰዓት ፈርመሽ ውሰጂው፤ በክፍላችሁ ጸሐፊ በኩል ደብዳቤ ካስፈለገ ሰኞ ጠይቂ። ባይሆን ሬድሚ ስልክ ያለው ሰው ፈልጊ። ብዙዎቹ አናታቸው ላይ የኢንፍራሬድ መብራት አላቸው፤ የሪሞት አፕ ውስጥ ገብተሽ የፕሮጀክተሩን ብራንድ ስትመርጪ እንደ ሪሞት ይሠራል። ግን ከሐሙስ በፊት እዚያው ፕሮጀክተር ላይ ይሞከር።

ደብተራዋ · ዓርብ፣ ማታ 2፡11

የወንድሜ ስልክ ሬድሚ ነው። ላፕቶፑን ወስጄበታለሁ፣ አሁን ደግሞ ስልኩን ልጠይቀው ነው። ሰኞ ሞክሬ እነግራችኋለሁ።